የፈረስ ታይሮይድ በአልትራሳውንድ፦ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ (ጅማ)
ሰላም ለሁላችሁም። ጅማ ውስጥ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ነው የምሠራው። አንድ ባለ ጋሪ ዳማ ፈረሱን ይዞ መጣ። ጥርሱ ሲታይ ዕድሜው ከ15 ዓመት አልፏል። ከመንጋጋው ወደ ኋላ፣ በጉሮሮው ግራ በኩል፣ የእንቁላል ያህል እብጠት አለው። ስነካው አያመውም፣ ከቆዳው ሥር ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። ትኩሳት የለውም፣ በደንብ ይበላል፣ ጋሪውንም ይጎትታል። ባለቤቱ ግን ጭንቅ ይዞታል፤ የቤቱ እንጀራ ከዚህ ፈረስ ነው። ጎረቤቶቹ ደግሞ "ይበጣ" እያሉት ነው። የላም እርግዝና የምናይበት ሊኒየር ፕሮብ (ምስል የሚያነሳው ቀጥ ያለ መዳሰሻ) ያለው አልትራሳውንድ አለን። የፈረስ ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለውን የእንቅርት ዕጢ) ግን አይቼበት አላውቅም። ፕሮቡን የት ላሳርፍ? ጤነኛው ምን ይመስላል? ከንፍፊት እንዴት ልለየው?

የእንስሳት ሐኪም (አጋሮ)
ያ ፕሮብ ይሠራል፤ 7.5 ሜጋኸርዝ ላይ አድርገው፤ ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው። ዕጢው ከቆዳው ብዙም ስለማይርቅ የምስሉን ጥልቀት ወደ 4–6 ሴንቲሜትር ቀንሰው። ጸጉሩን ላጭተህ ጄል ቀባ። ጸጉር ካለ አየር ይይዝና ምስሉ ይጨልምብሃል።

መጀመሪያ ዕጢውን አትፈልግ። የአየር ቧንቧውን ፈልግ። ደማቅ ቅስት መስመር ሆኖ ይታያል፤ ከኋላው አየር ስላለ ሌላ ነገር አይታይም። ከዚያ ከማንቁርት ወደ ታች ቀስ እያልክ ውረድ። ታይሮይዱ ከቧንቧው ጎንና ጀርባ፣ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀለበት አካባቢ ይቀመጣል። በግራና በቀኝ አንድ አንድ ነው፤ የሚያገናኛቸው ቀጭን ጅማት ብቻ ነው። የጤነኛ ፈረስ አንዱ ወገን 5 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል፣ ወርዱም 2.5 ገደማ ነው። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት፣ ደቃቅ፣ ከአጠገቡ ካለው ጡንቻ ትንሽ ደመቅ ያለ ነው። ዳሩን ቀጭን ሽፋን ይከበዋል።

አደራ፣ ጤነኛውን ቀኝ ጎን አስቀድመህ እይ። ከዚያ ግራውን በዚያው ቅንብር አነጻጽር። ከመጽሐፍ ልኬት ይልቅ የራሱ የፈረሱ ሌላኛው ጎን ይሻልሃል።

የላብራቶሪ ባለሙያ
ደም ሥሮቹን እንዳትረሳ። ደም ቅዳው ይመታል፣ ብትጫነውም አይጠፋም። ደም መልሱን በፕሮብ ጫን ስትለው ይጨፈለቃል። ይህን ሳትለይ መርፌ እንዳታስገባ! ታይሮይድ ራሱ ደም የበዛበት ነው፣ ቶሎ ይደማል። የሰፈሩን የመበጣት ሐሳብማ በፍጹም አትቀበል።

የእንስሳት ሐኪም (ጅማ ዙሪያ)
ንፍፊት ከሆነ ቦታው ይለያል፤ ከመንጋጋ ሥር ወይም ከጉሮሮ በላይ ነው። ስትራንግልስ (ንፍፊቱን የሚያመግል ተላላፊ የፈረስ በሽታ) የያዘው ፈረስ ብዙ ጊዜ ወጣት ነው፤ ያተኩሰዋል፣ ከአፍንጫው መግል ይወርዳል። መግል በምስሉ ላይ ጨለም ብሎ፣ ስትጫነው ሲንቀሳቀስ ይታያል። በጋሪ ፈረሶች ላይ የምናየው የሊምፍ በሽታ ደግሞ እንደ ገመድ ተያይዞ የሚወርድ፣ የሚፈነዳ እባጭ ያመጣል። ያንተ አንድ ብቻ ስለሆነ አይመስልም። ብቻ ሁለቱም ይተላለፋሉና ፕሮቡን ከፈረስ ፈረስ ስታዞር አጽዳ።

ባለ ጋሪ (ጅማ መርካቶ)
ዶክተር፣ ባለቤቱ ራሱ ልጓሙን ይያዝ። አንገቱ ላይ የሚያርፈውን ዕቃ አስወልቁለት። ጭንቅላቱን በጣም አታቅኑት፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ይረበሻል። ጄሉም ቀዝቃዛ ከሆነ ይደነግጣል።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። አየሁት። ቀኙ ልክ እንዳላችሁት ነው። ግራው በስፋትም በርዝመትም ከቀኙ በግልጽ ይበልጣል፤ መሃሉ ላይ ክብ፣ ጥርት ያለ ዳር ያለው ነገር አለ፣ ውስጡም ሁለት ጥቁር ነጠብጣቦች። ሽፋኑን አልጣሰም፣ የአየር ቧንቧውንም አልገፋም። አዮዲን ልስጠው?

የእንስሳት ሐኪም (አጋሮ)
አትስጠው። ባረጀ ፈረስ በአንድ ጎን የሚወጣ እንዲህ ያለ እባጭ አብዛኛውን ጊዜ አዴኖማ ነው። ክፉ ያልሆነ ነው፣ የዕጢውንም ሥራ አያዛባም። ጥቁሮቹ ነጠብጣቦች ውሃ የቋጠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። ካንሰር ቢሆን ብርቅ ነው፤ ዳሩ ሲጠፋና ወደ አጠገቡ ሥጋ ሲገባ ካየህ ግን ዝም አትበል። አዮዲን ሲበዛም እንቅርት ያመጣል፤ ብዙ አዮዲን የምትበላ እርጉዝ ባዝራ እንቅርት ያለው ውርንጭላ ልትወልድ ትችላለች።

አልትራሳውንድ ቅርጹን እንጂ ሥራውን አያሳይህም። ደም ለማስመርመር ካሰብክ ፌኒልቡታዞን (የሕመም ማስታገሻ) ሲወስድ እንደነበር ጠይቅ፤ የቲ4ን (የታይሮይድ ሆርሞን) መጠን ዝቅ ያደርጋል።

ጠያቂ
ልኬቱንና ምስሉን አስቀምጫለሁ፣ ከ3 ወር በኋላ በዚያው ቅንብር ደግሜ አየዋለሁ። ለባለቤቱም ሲውጥ ከተቸገረ፣ ሲተነፍስ ድምፅ ካሰማ ወይም እባጩ በፍጥነት ካደገ ቀጠሮ ሳይጠብቅ እንዲያመጣው ነግሬዋለሁ።