ደብረ ማርቆስ ላይ በ20 ሺህ ብር ሰብ ውፈር፦ የታሸገ ሣጥን ወይስ ቱቦ ያለው?

ማርቆሴ፦
እንደምን ዋላችሁ። ሳሎኑ 5 በ4 ሜትር፣ ከፍታው 2.80 ነው፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ኮርኒሱ ቺፑድ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ያገለገለ ባለ 5.1 ሪሲቨር (የፊልሙን ድምፅ ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሰብ ውፈር የሚያከፋፍል አምፕሊፋየር) ከአምስት ትንንሽ ስፒከሮች ጋር አለኝ። ከኋላው የሰብ ውፈር (ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር) መውጫ አለው፣ የሚሰካበት ግን የለም። በጀቴ ከ20 ሺህ ብር አያልፍም። ያየሁት ባለ 12 ኢንች የመኪና ውፈር ነው፤ ባለ አንድ ኮይል (ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል)፣ 4 ኦም፣ ካርቶኑ ላይ «1400 ዋት» ይላል፣ ከዚያ ሌላ ወረቀት የለውም።

ሣጥኑ ስንት ሊትር ይሁን? ይታሸግ ወይስ አየር የሚያስገባና የሚያስወጣ ቱቦ ይኑረው? የመኪና አምፕሊፋየር ገዝቼ በ12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ባስነሣው ያዋጣል? አናጢው ደግሞ «ዋንዛ እያለ የፋብሪካ እንጨት ምን ያደርጋል» እያለኝ ነው። በዋናነት ለፊልም ነው የምፈልገው።

ስታኞ፦
1400 ዋት የሚለውን እርሳው ወንድሜ። ምን ያህል እንደሚጮህ አይነግርህም። ኃይሉን የሚወስኑት የአምፕሊፋየሩ ቮልትና የውፈሩ ኦም ናቸው። ሁለቱንም የኮይል ጫፍ ለሚነዳ አምፕሊፋየር ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ቮልቱን በራሱ አባዛው፣ ከዚያ ለኦሙ እጥፍ አካፍለው። 12 ቮልት በ4 ኦም ላይ 144 ሲካፈል ለ8፣ ማለትም 18 ዋት ነው። 24 ቮልት በ4 ኦም ላይ 576 ለ8፣ 72 ዋት። ከዚህ በላይ የተጻፈ ሁሉ የካርቶን ቁጥር ነው።

ደህና የመኪና አምፕሊፋየር 12 ቮልቱን ውስጡ ከፍ የሚያደርግ መቀየሪያ አለው። እሱን ቤት ውስጥ ለማስነሣት ግን ከ30 አምፔር በላይ የሚችል ፓወር ሰፕላይ ሊጠይቅህ ይችላል፤ ሰፕላዩ ከአምፕሊፋየሩ ይወደዳል። መቀየሪያ የሌለው ርካሹ ደግሞ ያቺኑ 18 ዋት ነው የሚሰጥህ። ስለዚህ ቲፒኤ3116 ቺፕ ያለበት የሰብ ውፈር ቦርድና ባለ 24 ቮልት 6 አምፔር ፓወር ሰፕላይ ግዛ። ቺፑ የሚችለው እስከ 26 ቮልት ብቻ ስለሆነ ሰፕላዩ ላይ ያለችውን የቮልት ማስተካከያ ብሎን ወደ ላይ አትጠምዝዛት፤ ቦርዱን ከማገናኘትህ በፊት በመልቲሜትር ለካ።

ብዙ ሰው የሚቃጠልበት ቦታ ይኸ ነው፦ እነዚህ ሰፕላዮች ጎናቸው ላይ 110 እና 220 የሚል መምረጫ አላቸው። 110 ላይ ሆኖ ከግድግዳ ከተሰካ በቅጽበት ይፈነዳል። ከመሰካትህ በፊት በካቻቢቴ ወደ 220 አዙረው።

«ሁለት ቺፕ ስላለው 200 ዋት» ብለው ቢሸጡልህም አትመን። ቺፖቹ ጎን ለጎን ሲሆኑ የሚጨምረው አምፔር እንጂ ቮልት አይደለም፤ በ4 ኦም ላይ ያው 72 ነው። ጥቅሙ የሚታየው 2 ኦም ስታስር ነው። ባለ ሁለት ኮይል 4+4 ውፈር ካገኘህ ኮይሎቹን በትይዩ አስረህ 2 ኦም አድርገው። በተከታታይ ካሰርከው 8 ኦም ይሆንና 36 ዋት ላይ ትቀራለህ።

ዳሞት አናጢ፦
ዋንዛው ለበርና ለአልጋ ይሁን። ጣውላ በበጋ ይኮማተራል፣ በክረምት ያብጣል፤ መጋጠሚያው ፀጉር በምታህል ክፍተት ከተላቀቀ የታሸገ ሣጥን መታሸጉ ቀረ፣ ፊሽ እያለ አየር ያስወጣል። ባሕር ዛፍማ ይጣመማል፣ አይነሣ። 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨት የተጨመቀ ሰሌዳ) ነው ትክክለኛው። 18 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶም ይሆናል፤ ግን ጠርዙን እያየህ ውስጡ ባዶ ኪስ የሌለውን ምረጥ፣ ያለበለዚያ ይንጫጫል። ቺፑድ ገንዘብ ካጠረ ብቻ ነው፤ ብሎኑን አንዴ ነቅለህ መልሰህ ካሰርከው አይይዝም። ዋንዛውን ከወደድከው ላዩን በስሱ አልብሰው።

የኤምዲኤፍ ጠላቱ ውኃ ነው። እንጅባራና ዳንግላ ያላችሁ በክረምት የተቆረጠውን ጠርዝ ባዶውን አትተዉት፤ ኮላ በውኃ አቅጥናችሁ ሁለቴ ቀቡትና ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት።

ሊትሩ ሳይታወቅ እንጨት አታስቆርጥ።

ሄርዝ፦
ሊትሩን ለማወቅ የውፈሩን ሦስት ቁጥሮች ማግኘት አለብህ፦ ኤፍኤስ (በነፃ አየር የሚያስተጋባበት ድግግሞሽ)፣ ኪውቲኤስ (ንዝረቱ ምን ያህል እንደሚታፈን) እና ቪኤኤስ (ኮኑ የተንጠለጠለበትን ዙሪያ ልስላሴ የሚያህል የአየር ይዘት በሊትር)። ወረቀት ስለሌለው ትለካቸዋለህ፤ ወረቀት ቢኖረውም ባትለካ አልመክርም፤ ምክንያቱን ልንገርህ።

ቪኤኤስ ከአየሩ ግፊት ጋር አብሮ ይወርዳል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ግፊቱ ከባሕር ወለል ወደ 75 በመቶ ነው፤ ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ላይ ወደ 80 በመቶ። ፋብሪካው 80 ሊትር ብሎ የጻፈው ውፈር ማርቆስ ላይ 60 ሊትር ነው። በሌላ አገር ሰው ንድፍ ልክ የሠራኸው ሣጥን እዚህ ሳያስፈልግ ትልቅ ይሆናል ማለት ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ ውፈሩ ያንኑ ያህል ቢንቀሳቀስም ድምፁ 2.5 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ለዚህ መድኃኒቱ ትልቅ ውፈር እንጂ ሌላ የለውም፣ 10 ኢንች ሳይሆን 12 ማየትህ ልክ ነው።

መለኪያው ይኸ ነው። ስልክህ ላይ ሳይን ሞገድ (የአንድ ድግግሞሽ ንጹሕ ድምፅ) የሚያወጣ አፕ ጫን፤ ከስልኩ ወደ አምፕሊፋየሩ፣ ከአምፕሊፋየሩ በ1,000 ኦም ረዚስተር አልፎ ወደ ውፈሩ ይሂድ። ለአሁኑ በውፈሩ ፋንታ 10 ኦም ረዚስተር እሰርና ጫፎቹ ላይ የኤሲ ቮልት እየለካህ 100 ሚሊቮልት እስኪያሳይ ድምፁን ጨምር። ከዚያ በኋላ ድምፁን አትንካው፤ እያንዳንዱ 10 ሚሊቮልት 1 ኦም ነው። ቢጫዋ ርካሽ መልቲሜትር የምትጀምረው ከ200 ቮልት ኤሲ ስለሆነ እዚህ ላይ ዋጋ የላትም፤ ባለ 2 ቮልት ኤሲ መለኪያ ያለው ተዋስ።

አሁን 10 ኦሙን አንሥተህ ውፈሩን እሰር። ከጠረጴዛ አርቀህ በአየር ላይ አንጠልጥለው፤ ጠረጴዛ ላይ ደፍተህ ከለካህ ቁጥሩ ይዛባል። ድግግሞሹን ከ15 ሄርዝ ጀምረህ ቀስ እያልክ አሳድግ። ቮልቱ ጫፍ የሚደርስበት ኤፍኤስ ነው። የጫፉን ኦም ኮይሉ በዲሲ ለሚለካው ኦም አካፍል፤ የውጤቱን ካሬ ሥር ውሰድና በዲሲ ኦሙ አባዛው። ያ ኦም የሚገኝባቸው ሁለት ድግግሞሾች፣ ከኤፍኤስ በታችና በላይ፣ ጻፋቸው። ሁለቱን አባዝተህ ካሬ ሥሩን ስትወስድ ራሱን ኤፍኤስን ካልሰጠህ አንዱ ስህተት ነው፣ ድገመው።

ለቪኤኤስ ደግሞ ይዘቱን የምታውቀው ማንኛውም የታሸገ ሣጥን ላይ ውፈሩን ገጥመህ አዲሱን ጫፍ ፈልግ። ቁጥሮቹን አምጣና እናስላ።

ጊዮን፦
ለፊልም ከሆነ እኔ ቱቦ ነው የምለው። ቱቦው በተቃኘበት ድግግሞሽ አካባቢ ከ72 ዋት ላይ የታሸገው የማይሰጥህን ታገኛለህ። ባለ 110 የፍሳሽ ፒቪሲ በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ አለ። ርዝመቱ፦ 23,562 በቱቦው የውስጥ ስፋት ካሬ (በሴንቲሜትር) አባዛ፤ ለድግግሞሹ ካሬ በሊትሩ ብዜት አካፍል፤ ከውጤቱ ላይ የስፋቱን 0.73 ቀንስ። የውስጥ ስፋቱ 10.4 ከሆነ፣ ለ60 ሊትርና ለ30 ሄርዝ 40 ሴንቲሜትር ገደማ ይመጣል። የድምፅ ፍጥነት የሚለወጠው በሙቀት እንጂ በከፍታ ስላልሆነ ይኸ ሒሳብ ማርቆስ ላይም አይቀየርም።

ማርቆሴ፦
ውፈሩን ገዝቼ ለካሁ። የኮይሉ ዲሲ 3.4 ኦም። ጫፉ 400 ሚሊቮልት በ32 ሄርዝ። 117 ሚሊቮልት የሆነው በ24 እና በ42.7 ሄርዝ ነው። በ40 ሊትር ሣጥን ላይ ጫፉ ወደ 50.6 ሄርዝ ወጣ።

ሄርዝ፦
ጥሩ ለክተሃል፤ 24 በ42.7 ሲባዛ ካሬ ሥሩ 32 ነው። ጫፉ 40 ኦም፣ ለ3.4 ሲካፈል 11.76፣ ካሬ ሥሩ 3.43። 42.7 ሲቀነስ 24፣ 18.7። ኪውቲኤስ ማለት 32 ሲካፈል ለ(18.7 በ3.43) ነው፤ 0.50። ቪኤኤስ፦ 50.6 ለ32 ሲካፈል 1.58፣ በራሱ ሲባዛ 2.5፣ አንድ ሲቀነስ 1.5፣ በ40 ሊትር 60 ሊትር። ይኸ እዚያው ማርቆስ ላይ የተለካ ስለሆነ የከፍታውን 75 በመቶ ዳግመኛ እንዳትቀንስ።

የታሸገ ሣጥን የጠቅላላ ኪው (የውፈሩና የሣጥኑ አንድ ላይ) ግቡ 0.707 ነው። 0.707 ለ0.50 ሲካፈል 1.414፣ በራሱ 2፣ አንድ ሲቀነስ 1፤ 60 ለ1 ያው 60 ሊትር። ሣጥኑ ውስጥ ከ45 ሄርዝ ወደ ታች በየኦክታቭ (ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር) 12 ዴሲቤል ይወርዳል፣ ዝግ ክፍል ደግሞ ታችኛውን በከፊል ይመልሳል።

ጊዮን፣ ሒሳብህ ልክ ነው፤ ውፈሩ ግን ለቱቦ የተፈጠረ አይደለም። ለቱቦ የሚስማማው ኪውቲኤስ ከ0.3 እስከ 0.4 ያለው ነው። ይኸኛው በ60 ሊትር ውስጥ ቱቦ ቢደረግለት ከቱቦው ድግግሞሽ በላይ ጉብታ አውጥቶ አንድ ኖታ ብቻ ያጓራል። ከ30 ሄርዝ በታች ደግሞ የሚይዘው አየር የለም፤ የፊልም ፍንዳታ 20 ሄርዝ ሲልክበት ኮኑ ልጓም እንደሌለው በቅሎ ይዘላል፣ ኮይሉም ከቦታው ወጥቶ ይመታል። ያንን የሚቆርጥ ፊልተር እነዚያ ርካሽ ቦርዶች ላይ የለም። የታሸገው ሣጥን አየሩ ራሱ ልጓም ነው።

ጊዮን፦
በ0.50 አልከራከርም፣ ይታሸግ።

ዳሞት አናጢ፦
እንግዲህ ለ60 ሊትር፣ ውፈሩና ማጠናከሪያው የሚይዙት ወደ 5 ሊትር ስለሆነ ውስጡን 65.6 አድርገው። እኩል ጎን ያለው ዳቦ ሣጥን አታሠራ፤ ከውጭ 43.9 ስለሚመጣ 122 ሴንቲሜትር ላይ ሦስቱ ጎን ለጎን አይገቡም፣ ሙሉ ኤምዲኤፍ ያስገዛሃል። ፊቱን ከውጭ 40 በ40 አድርገህ ወደ ኋላ አስረዝመው፣ ከግማሹ (122 በ122) ይወጣል። 40 በ40 ሦስት (ሁለቱ ተደርበው ለፊት፣ አንዱ ለኋላ)፣ 40 በ49.5 ሁለት ለላይና ለታች፣ 36.4 በ49.5 ሁለት ለጎን። መጋዙ የሚበላው 3 ሚሊሜትር ተቆጥሮም ይበቃል። ከሚተርፈው ቁራጭ 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ዘንግ አውጣና ከጎን ወደ ጎን መሃል ላይ በኮላ ወጥራቸው።

የቤት ዕቃ የሚሠራ ቤት በጠረጴዛ መጋዝ ያስቆርጥህ፤ በእጅ መጋዝ የተቆረጠ ጠርዝ አይገጥምም። ለባለ 4 ሚሊሜትር ብሎን አስቀድመህ በትራፓኖ 3 ሚሊሜትር ብሳ፣ አለበለዚያ ኤምዲኤፉ ከጠርዙ ይሰነጠቃል። ብሎኑን በየ12 ሴንቲሜትሩ፣ ከማዕዘን 4 ራቅ አድርገህ እሰር። ኮላውን አትቆጥብ፣ የሚያሽገው እሱ ነው፤ ብሎኑ እስኪደርቅ መያዣ ነው። ማግስቱን የውስጡን ማዕዘን ሁሉ በሲሊኮን ዙር፤ ሽታው ሳይጠፋ ውፈሩን አትግጠም፣ አንዳንዱ ሲሊኮን የሚያወጣው አሲድ መዳብና ሽቦ ይበላል። የውፈሩን ቀዳዳ ካርቶኑ ላይ ባለው ሳይሆን ራሱን ውፈሩን ለክተህ ቁረጥ። ፊቱ ላይ በብሎንና በዳዶ እሰረው፣ ከሥሩ የመስኮት ስፖንጅ ቴፕ አድርግ። ውስጡን ግማሽ ኪሎ የትራስ ፋይበር በትነህ ሙላ፤ የፍራሽ ስፖንጅ ያንን ሥራ አይሠራም።

ስታኞ፦
ሽቦው 2.5 የሶኬት ሽቦ ይበቃል። ከመዝጋትህ በፊት ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ አስነካው፤ ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ ሲነካ ኮኑ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ኮኑን በመዳፍህ በቀስታ ጫነውና ልቀቀው፤ ቀስ ብሎ ከተመለሰ ታሽጓል፣ ወዲያው ከዘለለ ያፈሳል። የሚያፈስበትን ለማግኘት 30 ሄርዝ እያጫወትክ የዕጣን ጭስ በየመጋጠሚያው አዙር።

ሪሲቨሩ ላይ አምስቱን ስፒከሮች «ስሞል» (ወፍራሙን ለሰብ ውፈሩ የሚተው) አድርጋቸው፣ መቁረጫውን 80 ሄርዝ። ቦርዱ ላይ ያለውን ሎው ፓስ (ቀጭኑን ድምፅ የሚቆርጠውን) እስከ መጨረሻው ክፈተው፤ ሁለት መቁረጫ ከተደራረበ 60 ሄርዝ አካባቢ ጎድጓዳ ይፈጠራል።

ማርቆሴ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የት ላስቀምጠው? ደግሞ አሁን በሪሲቨሩ ስሞክረው እንኳ «ኡ....ም» የሚል ነገር አለ።

ሄርዝ፦
ኡምታው ከዲሹ ገመድ ሊሆን ይችላል፦ ገመዱን ከዲኮደሩ ንቀለው፣ ከጠፋ ምክንያቱ እሱ ነው። ያኔ ዲኮደሩን፣ ሪሲቨሩንና የሰብ ውፈሩን ሰፕላይ ከአንድ ማከፋፈያ አውጣቸው፣ ኤርዝ ያለበት ሶኬት ይሁን። ኡምታውን ለማጥፋት ብለህ የኤርዙን ሽቦ አትቁረጥ፤ ሰፕላዩ ብረት ገላ ነው።

ለቦታው፦ 5 ሜትሩ በ34 ሄርዝ፣ 4 ሜትሩ በ43፣ ከፍታው በ61 ያስተጋባል። ወንበሩን ከ5 ሜትሩ ልክ መሃል አታድርገው፣ 34 እዚያ ይጠፋል። ሣጥኑን ወንበርህ ላይ አስቀምጠህ ወፍራም ድምፅ ያለበትን ፊልም ክፈት፤ አንተ በግድግዳው ጥግ እየተንበረከክህ ዙር፤ ድምፁ ሳያጓራና ሳይሳሳ እኩል የሚሰማህ ቦታ ላይ ሣጥኑን አዛውረው። ከዚያ ከ25 እስከ 80 ሄርዝ ቀስ ብለህ አጫውትና የሚንቀጠቀጠውን ሁሉ እየሰማህ ምልክት አድርግ። ቺፑዱ ኮርኒስ ከሞራሌው የተላቀቀበት በብሎን ይያዛል፤ የመስኮት መስታወት ስቱኮው የረገፈበት በሲሊኮን። ይኸን ሳትጨርስ ድምፁን አታስተካክል፣ የኮርኒሱን ጩኸት ከውፈሩ ለይተህ መስማት አትችልም።