ሰራተኛ ለማሰልጠን ድጋፍ እየፈለግኩ ነው፣ ጠቁሙኝ እስቲ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ 6 ሰራተኛ ያለን ትንሽ ድርጅት ነን። ስልጠና ልሰጣቸው አስቤ የጠየቅኩበት ሁሉ ዋጋው አልቀመስ አለኝ። ወጪውን የሚጋራ ፈንድ ወይ ግራንት (የማይመለስ የገንዘብ ድጋፍ) አግኝቶ የሚያውቅ አለ? ነጻ የሚባሉት ኦንላይን ኮርሶችስ የምር ይጠቅማሉ ወይስ ለሰርተፍኬት ብቻ ናቸው?

መልስ 1፦ ወንድሜ እኔ የህትመት ስራ ላይ ነኝ፣ 8 ነን፣ ሁሉንም ነካክቼዋለሁ። ግራንት ላይ በጣም አትንጠልጠል። ብዙዎቹ መጀመሪያ ከኪስህ ከፍለህ፣ ስልጠናው አልቆ፣ ደረሰኝ ስታቀርብ ነው የሚመልሱልህ። እኔ አንዱን (ስሙን ተወው) ተማምኜ ከፈልኩና ደረሰኙ ላይ የሰልጣኞቹ ስም የለም ተብሎ ፋይሉ ሲመላለስ 7 ወር ፈጀ፣ በዛ መሀል ወረቀት መግዣ አጥቼ ተበድሬ ነው የሰራሁት። ስለዚህ ፎርም ከመሙላትህ በፊት ጠይቅ፣ ብሩ የሚለቀቀው ከስልጠናው በፊት ነው በኋላ? አሰልጣኙ እነሱ ጋ የተመዘገበ መሆን አለበት? ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰራተኛው ሲማር የሚውልበትን ቀን ደመወዝ ይሸፍናል ወይ? ለትንሽ ቤት የሚከብደው የኮርሱ ክፍያ አይደለም፣ ከ8 ሰው 2ቱ ሲጎድሉ የሚቆመው ስራ ነው።

ቀጣሪዎች የሚያዋጡበት የስልጠና ፈንድ ካለ ግን እሱን እንዳታልፈው፣ ያንተው ገንዘብ ነው። ደቡብ አፍሪካ ለምሳሌ የደመወዝ ወጪው ከተወሰነ መጠን ያለፈ ቀጣሪ ከደመወዝ ወጪው 1 በመቶ ያዋጣል፣ የስልጠና እቅድና ሪፖርቱን በጊዜው ካስገባ ደግሞ ከከፈለው 20 በመቶው ይመለስለታል፣ ያላስገባ ከፍሎ ዝም ነው።

ነጻ ኦንላይን ካልክ ኤችፒ ላይፍ (የኮምፒውተር አምራቹ ኤችፒ የንግድ ኮርሶች ድረገጽ) ጥሩ ነው፣ ሰርተፍኬቱም ነጻ ነው፣ ኮርሶቹ አጫጭር ስለሆኑ ስራ በሚቀዘቅዝበት ሰዓት ያልቃሉ። ኮርሴራ (የዩኒቨርሲቲዎችና የድርጅቶች ኮርስ ያለበት ድረገጽ) ጠለቅ ይላል ግን የክፍያ እርዳታ ስትጠይቅ በግለሰብ ነው እንጂ በድርጅት ስም አይደለም፣ ማመልከቻውን ራሳቸው ይሙሉት። የዓለም ስራ ድርጅት ከ100 በላይ አገሮች ውስጥ የሚያካሂደው ንግድህን ጀምርና አሻሽል የሚባለው ደግሞ ላንተ ነው የሚሆነው፣ ለባለቤቱ፣ ሂሳብና ዋጋ አወጣጥ ምናምን ያስተምራል፣ ካሸርህን አትላክበት።

እኔን ግን በጣም የጠቀመኝ የማሽን ሻጮቹ ስልጠና ነው፣ ማንም አይጠይቃቸውም እንጂ ይሰጣሉ። ሳትፈርም በፊት ውሉ ላይ አስገባው፣ ስንት ቀን፣ ለስንት ሰው፣ ከወር በኋላስ ተመልሶ ያያል ወይ። መጀመሪያ የመጣው ቴክኒሻን ቁልፎቹን እንደ ፒያኖ ሲጫወትባቸው ቆይቶ ገባችሁ? አለ፣ ሁሉም አዎ አሉ፣ በማግስቱ ማሽኑን የሚያስነሳ ጠፋ። ሁለተኛ ሲመጣ አንዷን ሰራተኛ ማሽኑ ጋ አቆምኩና እሱን እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተትና በአፍህ ብቻ አስረዳ አልኩት። ተናደደ፣ ግን ልጅቷ ዛሬ እሷ ናት ሌሎቹን የምታሰራው።

ይሄ ከኔ የፈለቀ ነገር አይደለም ደሞ። አሜሪካኖች በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካው በአዲስ ሰራተኛ ሲሞላባቸው ያወጡት ባለ 4 ደረጃ አሰራር አለ፣ ትሬይኒንግ ዊዝን ኢንደስትሪ ከሚባለው የስልጠና ፕሮግራማቸው ነው፣ ሰልጣኙን አዘጋጅ፣ ስራውን እያሳየህ አስረዳው፣ ራሱ ይስራው፣ ከዛ ተከታተለው። እኛ ቤት ሁልጊዜ የሚዘለለው 3ኛው ነው። ምንም ፈንድ አይፈልግም፣ ጠዋት 30 ደቂቃ ይበቃል።

ጠያቂ፦ ተባረክ። ግን አሰልጥኜው በ3 ወሩ ጥሎኝ ቢሄድስ?

መልስ 2፦ ውል አስፈርም የሚሉህ ይኖራሉ። እኛ አስፈርመን ነበር፣ ልጁ ሄደ፣ ለመካሰስ የሚወጣው ከስልጠናው ክፍያ በለጠብንና ተውነው። አሁን ሰልጥኖ የመጣ ሰው በሳምንቱ ሌላ ሰው እያሰራ ያሳያል፣ ያንን ሰዓት እንደ ስራ ቆጥረን እንከፍላለን። ፎርም ስትሞላም ከቻልክ የ2 ሰው ብለህ ሙላ፣ አንዱ ቢሄድ አንዱ ይቀራል።

ጠያቂ፦ እሺ፣ የ2 ሰው ብዬ ልሞላው ነው። ደረሰኙ ላይ ስም የሚለውንም ስክሪንሾት አድርጌዋለሁ።