ፒጂዲቲዬ ከዲግሪ በታች ተብሎ ተመዘገበ፤ ማስተካከያው ከየት ይገኛል?

ሰላም ወገኖች። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። በሒሳብ ቢኤስሲ ዲግሪ አለኝ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ፒጂዲቲ። ለማያውቀው፣ ፒጂዲቲ (ፖስት ግራጁዌት ዲፕሎማ ኢን ቲቺንግ) አፕላይድ ዲግሪ፣ ማለትም የማስተማር ሥልጠና የሌለበት ዲግሪ፣ ይዞ መምህር ለሚሆን ሰው ከዲግሪ በኋላ የሚሰጥ የማስተማር ሙያ ሥልጠና ነው። ማስተርስ አይደለም። ከድሮው 10+3 ዲፕሎማም ሆነ ከቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ጋር ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

ለማስተርስ ሳመለክት ግን ሬጅስትራሩ ስሙን አይቶ ፒጂዲቲዬን «ዲፕሎማ» በሚለው ሥር አስገባው። የመጨረሻ የትምህርት ደረጃዬ ከዲግሪ በታች ሆኖ ወጣ፤ የመግቢያ ፈተናውን አልፌ ሳለ ፋይሌ ቆሟል።

የዲግሪውን ቴምፖራሪና ስቱደንት ኮፒ፣ እንዲሁም በመጀመሪያ ዲግሪ መግባቴን የሚገልጽ መስመር ያለበትን የፒጂዲቲ ትራንስክሪፕት አሳየሁ። «የአቻ ግምት አምጪ» አሉኝ። አቻ ግምት ግን በዋናነት ውጭ አገር ለተማረ ነው፤ የእኔ ሁለቱም ከአገር ውስጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተገኙ ናቸው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት እንዳላስልክ ደግሞ ኮስት ሼሪንጉን በማስተማር አገልግሎት እየከፈልኩ ስለሆነ ክሊራንስ ገና አልወጣልኝም።

ለእያንዳንዱ ደብዳቤ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ መመላለስ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎቼን ያለ መምህር ያስቀራል። ስለዚህ በአንድ ጉዞ የሚያልቀውን መንገድ የምታውቁ ንገሩኝ፦ ፒጂዲቲ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚሰጥ መሆኑን የሚያረጋግጥ፣ ሬጅስትራር የሚቀበለው ደብዳቤ የሚጻፈው ካሠለጠነኝ ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ ከትምህርት ሚኒስቴር?