የልጅነት ስፖርት በትውስታ ሲጠየቅ ምን ያህል ይታመናል?

የከዚራ ልጅ፦ ሰላም። ድሬ ውስጥ ከ30 እስከ 45 ዓመት ያሉ ሰዎችን በልጅነታቸው ምን ስፖርት እንደሠሩ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደነበረና አሁን ጉልበታቸውን ያማቸው እንደሆነ የምንጠይቅበት መጠይቅ እየተዘጋጀ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ የሚሰጥ መልስ ይታመናል?

ሳቢያን፦ እንደ ጥያቄው ነው። «የትምህርት ቤት ወይም የክለብ ቡድን ውስጥ ነበርክ?» ሲባል አብዛኛው ሰው አይሳሳትም። የጀመረበትና ያቆመበት ዓመት ላይ መንሸራተት ይመጣል። ሰዓት ላይማ፣ አቦ፣ ግምት ነው። የሚነግራችሁ ጨዋታው የደራበትን ሳምንት ነው። በሳምንት 3 ቀን፣ 2 ሰዓት ብሎ በ52 ሲባዛ 312 ሰዓት ይሆናል። ፈተናው፣ ረመዳኑና ጉዳት ላይ የተኛበት ጊዜ ወጥቶ 30 ሳምንት ብቻ ከተጫወተ ግን 180 ነው። ስለዚህ «በዓመት ስንት ወር?» ለብቻው ይጠየቅ። የሰፈር ኳስንም ለዩት፤ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የሚራገጠውን አንዱ ስፖርት ይለዋል፣ ሌላው ከቁጥር አያስገባውም።

ሐረር በር፦ ዕድሜ አትጠይቁ። በታዳጊ ኳስ ዕድሜ መቀነስ ስላለ ሰውየው ራሱ የቴሴራውን (የተጫዋች መታወቂያውን) ዕድሜና የእውነቱን ያምታታል። ክፍል ጠይቁ፤ «ሚኒስትሪ ሳትወስድ ነው ከወሰድክ በኋላ?» አንድ ወረቀት ላይ ክፍሎቹን በተርታ ጻፉ፣ ከሥር የኖረበትን ሰፈርና የተማረበትን ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ማንም የማይረሳውን፦ የደርግ መውደቅ (ግንቦት 1983፣ ለትልልቆቹ ብቻ)፣ የደቻቱ ጎርፍ (ሐምሌ 1998 መጨረሻ)፣ ሚሌኒየም (መስከረም 2000)። ስፖርቱ የሚሞላው መጨረሻ ላይ ነው። ዓመቱን በእኛው አቆጣጠር መዝግቡ። ወደ ፈረንጅ ሲዞር እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 መደመሩ ከተረሳ አንድ ዓመት ይዛባል።

ካፓ፦ ጉልበቱን የሚያመው ሰው የድሮ ጉዳቱን አጥብቆ ይፈልጋል፣ ጤነኛው ደግሞ ይረሳዋል። ስለዚህ ስፖርቱ ይቅደም፣ ሕመሙ ይከተል፤ መረጃ ሰብሳቢዎቹም መላምቱን አይወቁ። ከዚያ 50 ያህል ሰው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይታችሁ ድገሙ። ለአዎ/አይደለም ካፓ፣ ለሰዓት አይሲሲ (ICC) አስሉ፤ ሁለቱም የመጀመሪያውና የድጋሚው መልስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳዩ ቁጥሮች ናቸው። ያው መልስ መደገሙ እውነት መሆኑን አያሳይም፤ ስህተትም ይደገማል። ከተቻለ ለጥቂቶቹ ቴሴራ፣ ሰርተፍኬት ወይም የቡድን ፎቶ ተመልከቱ።

የከዚራ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። «አላስታውስም» የሚል ምርጫ ይግባ?

ካፓ፦ ይግባ፣ ግን መረጃ ሰብሳቢው አያንብበው። ከተነበበ የደከመው ሁሉ እሱን ይመርጣል።