ሙንችኪን ድመት ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ሜሪ፦ አጭር እግሯ ልቤን ወስዶታል። ጤናዋስ? ሻጩን ምን ልጠይቅ?

የድመት ወዳጅ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ወላጆቿ ጠይቂ። አጭር እግር የሚያመጣውን ዘረመል ከእናትም ከአባትም የወረሰ ፅንስ ሳይወለድ ይሞታል። ሁለቱም አጭር እግር ያላቸውን ወላጆች አገናኝቶ ከሚያራባ ሰው አትግዢ። የክርን መገጣጠሚያዋም ቶሎ ሊጎዳ ስለሚችል የፊት እግሯን ራጅ ጠይቂ። ኔዘርላንድስ ውስጥ እኮ ማራባቱ ራሱ ክልክል ነው።

ቤቲ፦ ዋናው ጠላቷ ውፍረት ነው። ምግቧን በግራም መዝኚ፤ ጎኗን ስትዳስሺ የጎድን አጥንቷ ሊታወቅሽ ይገባል። የምትጸዳዳበት የአሸዋ ሳጥን መግቢያው ዝቅ ይበል። መዝለል ካቆመች ሰነፈች አትበይ፣ አሟት ይሆናል። ለሕመሟ ብለሽ ፓራሲታሞል ግን በፍጹም እንዳትሰጫት! ድመትን ይገድላል።

አቤል፦ የማረከሽ ትንሽነቷ ከሆነ ሲንጋፑራ የምትባል ትንሽ የድመት ዝርያ አለችልሽ፤ ሴቷ 2 ኪሎ ገደማ ናት፣ የእግሯም ርዝመት የተለመደው ነው። ደም ማነስ የሚያመጣውን የፒኬ (ፓይሩቬት ካይኔዝ የተባለ ኢንዛይም) ጉድለት ምርመራ ውጤት ሳታዪ ግን እንዳትከፍዪ። በጣም ትንንሽ ድመቶችን «ቲካፕ» የሚሉት ግን ዝርያ አይደለም፣ የገበያ ስም ነው።