የኮንፈረንሱ የማለፊያ ትኬት ለማን ይገባል፦ ለዓመቱ መሪ ወይስ ለጥሎ ማለፉ አሸናፊ?

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)

የተከበራችሁ የቅርጫት ኳስ ወዳጆች፣ የአሜሪካ ኮሌጆችን ውድድር ለብዙ ዓመታት ስከታተል አንድ ጉዳይ ዘወትር ያሳስበኛል። በ2025 የወንዶች ሀገር አቀፍ ውድድር ከተሳተፉት 68 ቡድኖች መካከል 31ዱ የየኮንፈረንሳቸው (ኮሌጆች ተቧድነው እርስ በርስ የሚጫወቱበት ማኅበር) ተወካይ ሆነው በቀጥታ የገቡ ሲሆን፣ የቀሩትን 37ቱን የመረጣቸው ኮሚቴ ነው። ኮንፈረንሶቹ ተወካያቸውን የሚሰይሙበትን መንገድ ራሳቸው ይወስናሉ፤ ሆኖም ዕድሉን የሚሰጡት ክረምቱን ሙሉ ሲጫወት ቆይቶ በመሪነት ለጨረሰው ቡድን ሳይሆን፣ በማርች ወር በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጠናቀቀውን ጥሎ ማለፍ ለሚያሸንፈው ነው።

በ2015 ሙሬይ ስቴት የተባለው ኮሌጅ በኦሃዮ ቫሊ ኮንፈረንስ 16 ጨዋታዎችን አድርጎ 16ቱንም አሸነፈ። በጥሎ ማለፉ ፍጻሜ ግን በቤልሞንት 88 ለ87 ተረታ፤ ኮሚቴውም ሳይመርጠው ቀረ። ያ ቡድን ለሀገር አቀፉ ያልተመረጡ ቡድኖች ወደሚጫወቱበት ወደ ኤን አይ ቲ ውድድር ሄደ፤ ይህም ማጽናኛ ቢሆን የኮንፈረንስ መሪዎች በቀጥታ የመግባት መብታቸው በ2023 ስለተነሳ ዛሬ የተረጋገጠ አይደለም። በአንድ ነጥብ ልዩነት የሁለት ወር ልፋት መና ሲቀር ማየት ያሳዝነኛል። በሀገራችን እግር ኳስ የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን ወደ አፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የሚያልፈው በሰበሰበው ነጥብ ነው፤ የጥሎ ማለፉ አሸናፊ ደግሞ የራሱ ሌላ መድረክ አለው። ኮንፈረንሶቹስ ትኬቱን ለመደበኛው ውድድር መሪ ቢሰጡ አይሻልም ትላላችሁ?

መልስ (ከባልቲሞር)

ሐዘንዎን እጋራለሁ፤ በመፍትሔው ግን አልስማማም። የራስዎን ግዛት ቡድን ያስታውሱ። በ2018 የአሜሪካ ኢስት ኮንፈረንስ መሪ ቬርሞንት ነበር፤ የኛው ዩ ኤም ቢ ሲ (የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ባልቲሞር ካውንቲ) ደግሞ በተከታታይ 23 ጊዜ በቬርሞንት ከተሸነፈ በኋላ ለፍጻሜው ወደዚያው ወደ ቬርሞንት ሜዳ ተጓዘ። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች በተቆጠረች ባለሦስት ነጥብ ኳስ 65 ለ62 አሸነፈ፤ ከቀናት በኋላም ቨርጂኒያን 74 ለ54 በመርታት በወንዶቹ ውድድር ታሪክ የመጀመሪያውን ደረጃ የያዘ ቡድን ያሸነፈ የመጀመሪያው ባለ 16ኛ (የመጨረሻ) ደረጃ ቡድን ሆነ። ትኬቱ ለመሪው ብቻ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ ያ ምሽት ባልኖረ ነበር።

ከዚህም በላይ፣ በአንድ ትኬት ብቻ በሚወሰን ትንሽ ኮንፈረንስ ውስጥ መሪው በየካቲት አጋማሽ ከታወቀ፣ የሌሎቹ ቡድኖች ተመራቂ ተጫዋቾች የመጨረሻዎቹን ሳምንታት የሚጫወቱት ያለ ምንም ተስፋ ይሆናል።

መልስ (ከሲያትል)

ሁለታችሁም ጥያቄውን «ይህ ወይስ ያ» አድርጋችሁ አያችሁት፤ እኔ ግን ዋናው ነገር የጥሎ ማለፉ ቅርጽ ነው እላለሁ። መሪው ለክረምቱ ሥራው ዋጋ የሚያገኘው ጥሎ ማለፉን በመሰረዝ ሳይሆን፣ ወደ ዋንጫው የሚወስደው መንገድ ለእሱ አጭር፣ ለሌሎቹ ረጅም እንዲሆን በማድረግ ነው።

የአይቪ ሊግ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ስምንቱ ትምህርት ቤቶች እርስ በርሳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ስለሚገናኙ እያንዳንዱ 14 ጨዋታ ያደርጋል፤ ሊጉም ለረጅም ዘመን ትኬቱን የሚሰጠው በዚሁ ውጤት ነበር። በ2017 ጥሎ ማለፍ ሲጀምር አራት ቡድኖችን ጋበዘ። በዚያው ዓመት ፕሪንስተን 14ቱንም ጨዋታ አሸንፎ ነበር የገባው፤ ነገር ግን ውድድሩ የተካሄደው ፊላዴልፊያ በሚገኘው ፓሌስትራ በመሆኑ፣ ያልተሸነፈው መሪ በግማሽ ፍጻሜው አራተኛ የወጣውን ፔንን በፔን በራሱ ሜዳ ለመግጠም ተገደደ። በተጨማሪ ሰዓት 72 ለ64 አሸንፎ ቢያልፍም፣ እንዲህ ያለ አቀማመጥ ፍትሐዊ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከዚህ በተቃራኒ የዌስት ኮስት ኮንፈረንስ ሁለቱ መሪዎች በቀጥታ ከግማሽ ፍጻሜ እንዲጀምሩ ያደረገበትን አሠራር ተመልከቱ፦ መሪው ሁለት ጊዜ ካሸነፈ በቂው ነው፤ የታችኞቹ ግን ደረጃ በደረጃ መውጣት አለባቸው። የፓትሪዮት ሊግ ደግሞ ጨዋታዎቹን በበላዩ ቡድን ሜዳ ያካሂዳል። በ2016 ሆሊ ክሮስ በመደበኛው ውድድር 5 አሸንፎ 13 ተሸንፎ፣ ከ10 ቡድኖች 9ኛ ሆኖ ገባና አራቱንም ጨዋታ ከሜዳው ውጭ አሸንፎ ትኬቱን ወሰደ። ያን ዓመት በመደበኛው ውድድር ከሜዳው ውጭ አንድም የሊግ ጨዋታ ያላሸነፈ ቡድን ነበር። ብዙዎች ይህን እንደ እንከን ይጠቅሱታል፤ ለእኔ ግን እንዲህ ባለ መንገድ የመጣ ቡድን ተገቢውን ዋጋ ከፍሎ ነው የመጣው።

የገንዘቡም ነገር አለ። ከሀገር አቀፉ ውድድር የሚገኘው ድርሻ ቡድኑ በሚያደርገው ጨዋታ ብዛት እየተቆጠረ ለኮንፈረንሱ በስድስት ዓመታት ይከፈላል፤ ስለዚህ አንድ ተጨማሪ ጨዋታ ማሸነፍ የሚችል ጠንካራ ተወካይ መላክ የሁሉም አባላት ጥቅም ነው።

የጠያቂው ምላሽ

አመሰግናለሁ። የፓሌስትራውን ጉዳይ አላውቀውም ነበር፤ እንዲያውም ስጋቴን አጠናከረው። መሪው በሜዳው ይጫወት፣ ከግማሽ ፍጻሜም ይጀምር የሚለውን እቀበላለሁ። ሆኖም እንደ አይቪ ሊግ ሁሉም ከሁሉም ጋር እኩል በሚገናኝበት ሊግ፣ 14 ጨዋታ ከሁለት ጨዋታ የበለጠ እውነት ይናገራል የሚለውን አቋሜን አልተውኩም።

መልስ (ከሲያትል)

በእኩል ለሚገናኙ ሊጎች ሐሳብዎ ክብደት አለው። በትልልቆቹ ዘንድ ግን አይሠራም፤ ቢግ ቴን የተባለው ኮንፈረንስ 18 ቡድኖች ይዞ 20 የኮንፈረንስ ጨዋታ ሲያደርግ አንዱ ከባድ፣ ሌላው ቀላል መርሐ ግብር ይደርሰዋል። ለእነሱ ደግሞ ትኬቱ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ በ2025 ኤስ ኢ ሲ የተባለው ኮንፈረንስ ብቻውን 14 ቡድኖች አስገብቷል።

መልስ (ከአትላንታ)

አንድ የተዘለለ ነጥብ ልጨምር። አሸናፊው ወደ ዲቪዚዮን አንድ (የኮሌጆቹ ከፍተኛ የውድድር እርከን) በመሸጋገር ላይ ያለና ለሀገር አቀፉ ውድድር ገና ያልተፈቀደለት ቡድን ሲሆንስ? በ2022 ቤላርሚን ኤሰን የተባለውን ኮንፈረንስ ጥሎ ማለፍ አሸነፈ፤ ትኬቱ የተሰጠው ግን በፍጻሜው ለተሸነፈው ጃክሰንቪል ሳይሆን መደበኛውን ውድድር በመሪነት ለጨረሰው ጃክሰንቪል ስቴት ነው። በ2023 ደግሞ ሜሪማክ የኖርዝኢስት ኮንፈረንስን ፍጻሜ 67 ለ66 ሲያሸንፍ፣ ትኬቱ ለተሸናፊው ለፌርሊ ዲኪንሰን ሄደ፤ እሱም በሀገር አቀፉ ውድድር ፐርዱን 63 ለ58 አሸነፈ።

ውጤቱ ቢያስደስተኝም የምደግፈው የኤሰንን አሠራር ነው። በሁለተኛው አሠራር ቡድኑ ፍጻሜውን ሲጫወት ቢሸነፍም ማለፉን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የዋንጫ ጨዋታ እንዲህ ሲሆን ለሁለቱም ወገን ተጫዋቾች አዝንላቸዋለሁ። ጠያቂያችን የሚቆሙለት የመደበኛው ውድድር መሪ ሊታሰብ የሚገባው ቢያንስ እዚህ ላይ ነው።