የ3ኤል ሃይሉክስ ዲናሞ ከ55 ወደ 100 አምፔር ልቀይር?

ባለ ፒካፕ
ሰላም ወገኖች። ያረጀች ሃይሉክስ ፒካፕ አለችኝ፣ 3ኤል ናፍጣ ሞተር። ከፒያሳ እየተነሳሁ እርጎና ቅቤ ለሆቴሎች አከፋፍላለሁ፣ ኋላዋ ላይም ባለ 12 ቮልት ማቀዝቀዣ አስገጥሜያለሁ። ችግሩ ማታ ማታ ነው። በዝናብ ከለገሃር ወደ ሜክሲኮ መንገዱ ተዘግቶ ስቆም፣ መብራቱም መጥረጊያውም እየሠራ ማቀዝቀዣው ሲነሳ የፊት መብራቱ ፍዝዝ ይላል፣ መጥረጊያውም ይንቀራፈፋል። ነዳጅ ስሰጣት ትመለሳለች። በአንድ ዓመት ሁለት ባትሪ ገዛሁ። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ላይ የተጻፈው 55 አምፔር ነው። አንድ ኤሌትሪሺያን የቤንዚን መኪና ባለ 100 አምፔር ዲናሞ ከመጣ እገጥምልሃለሁ ብሎኛል። የሞከረ ሰው ካለ ይንገረኝ፣ እንጀራዬ በዚህች መኪና ላይ ነው።

የድሮ ኤሌትሪሺያን
ልጄ፣ እንዳትገዛ! መጀመሪያ ኮፈኑን ክፈትና የዲናሞህን ጀርባ እይ። ክብ ነገር አለበት አይደል? ከሱ የሚወጣው ወፍራም ጎማ ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። እሱ ቫኩም ፓምፕ ነው፣ አየር እየሳበ የሚያወጣ። ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ለፍሬን የሚበቃ ቫኩም አይሰጥም፣ ስለዚህ ፍሬንህን የሚያቀልልህ ያ ፓምፕ ነው፣ የሚዞረውም በዲናሞው ዘንግ ነው። የቤንዚን ዲናሞ ሲገባ ፓምፑ አብሮ ወጣ ማለት ነው። ፍሬኑ ጨርሶ አይጠፋም፣ ግን ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። እርጎ ጭነህ ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ቁልቁል ስትወርድ አስበው። እንዲህ የተገጠመላት መኪና አንድ ጊዜ ለጥገና መጥታልኝ ነዳኋት፣ ከግቢ ሳልወጣ መለስኳት። ባለቤቱ ሦስት ወር ሙሉ ቤተሰቡን ይዞባት ሲሄድ ነበር።

ቮልት ለኪ
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ ደግሞ ስለ ቁጥሩ ልጨምር። 55 አምፔር የተባለው ዲናሞው በደንብ ሲሽከረከር የሚሰጠው ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሲሆን፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጠው ቆመህ ሲሠራ፣ ግማሹን ቢሰጥህ ነው። አሁን ያንተን ጭነት ደምረው፦ የፊት መብራት ወደ 10 አምፔር፣ የኋላና የዳሽቦርድ መብራት 4፣ መጥረጊያ 4፣ የመስታወት ማሞቂያው ንፋስ 8፣ ማቀዝቀዣ 5፣ ፍሬን ረግጠህ ስትቆም ደግሞ የፍሬን መብራት 3 ወይም 4። ከ30 አለፈ። የጎደለውን ባትሪው ይከፍላል፣ ማታ ማታ ይህን ካደረገ በዓመት ሁለቴ ቢሞት አይገርምም። ስለዚህ ስትገዛ ከፍተኛውን አምፔር ብቻ አትይ፣ በዝቅተኛ ዙር ስንት ይሰጣል ብለህ ጠይቅ፣ አዲስ አበባ ላይ ግማሽ ሕይወታችን ቆመን ነው።

ግን ወንድሜ፣ ከመግዛትህ በፊት ለካ። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ርካሽ ነው። ሁሉንም አብርተህ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ አንዱን ጫፍ ዲናሞው ላይ ወፍራሙ ሽቦ የታሰረበት ቡሎን ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አድርግ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ሽቦው ወይም ማሰሪያው ተበላሽቷል። ቀጥሎ ከዲናሞው አካል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ እንደዚያው ለካ። እባክህ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ነቅሎ ዲናሞ የሚፈትን ሰው ካየህ አስቁመው። በዚያች ቅጽበት ቮልቴጁ ይዘልና የዲናሞውን ዳዮዶች ያቃጥላል።

ባለ ፒካፕ
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንዳሉት ፓምፑ ከኋላው አለ፣ እኔ እስከ ዛሬ የዲናሞው አካል ይመስለኝ ነበር። ለካሁ። በፖዘቲቭ በኩል 0.1 ብቻ፣ በኔጋቲቭ በኩል ግን 0.9! ከሞተር ወደ ሻንሲ የሚሄደው ገመድ ጫፉ አረንጓዴ ሆኖ ሽቦው ውስጡ ተበልቷል። በወፍራም ገመድ ቀየርኩት፣ የሚታሰርበትንም ቦታ ቀለሙን ፍቄ ብረቱን አወጣሁ። ሚኒሞ ላይ ባትሪው 12.1 ያሳይ የነበረው ማቀዝቀዣው ጠፍቶ 13.6 ሆነ። ማቀዝቀዣው ሲነሳ ግን አሁንም ወደ 12.7 ይወርዳል።

የድሮ ኤሌትሪሺያን
ጎበዝ! እንግዲህ የቀረው የዲናሞው አቅም ነው። ለዚያው ለኤል ሞተር የተሠራ፣ ፓምፑ ከጀርባው ያለ፣ 80 አምፔር ገደማ የሆነ ፈልግ። 100 ምን ያደርግልሃል? 100 አምፔር ለማውጣት ከሞተሩ ከ3 የፈረስ ጉልበት በላይ ይወስዳል፣ አንድ ቀጭን ቺንጋ ከሆነ ያለህ ይንሸራተትና ይጮኻል። ሶማሌ ተራ ስትሄድ የድሮውን ነቅለህ ይዘህ ሂድ። ጎን ለጎን አስቀምጣቸው፣ የሚታሰርባቸው ጆሮዎች፣ ሶኬቱ፣ ፑሌጃው፣ የፓምፑ የዘይት መግቢያና መውጫ አንድ ይሁኑ። ያገለገለ ከሆነ ውስጡን በባትሪ መብራት እይ፣ ዘይት ካረጠበው ፓምፑ ጋ ያለው ኦይል ሲል (ዘይት የሚያግደው ጎማ) አልቋል፣ ዲናሞው ውስጥ ያለው ካርቦንም ብዙ አይቆይም። ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደውንም ሽቦ አብረህ አወፍር፣ የ55 ሽቦ 80 ሲሸከም ይግላል። ፊውዙንም በልኩ።

ተገጥሞ ሲያልቅ ሞተሩን አጥፋና ፍሬኑን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጥ፣ ይጠነክራል። እግርህን ሳታነሳ አስነሳ። ፔዳሉ ከእግርህ ሥር ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ዝቅ ካላለ ቱቦው አልታሰረም ወይም ፓምፑ አይሠራም፣ እሱ ሳይስተካከል ቸርችል ላይ እንዳትወጣ።